ልጆችን ይዞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ተነስተው ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ ባሉት ሐይቆች ዳር ከልጆቻቸው ጋር ጥቂት ቀን ማሳለፍ የሚፈልጉ ቤተሰቦች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ለልጆች የሚሻለው የትኛው ሐይቅ ነው?

ልጆቹ ውሃ ውስጥ መግባት ከፈለጉ ላንጋኖ። አሳ አጥማጅ፣ ወፍና ጦጣ ማየት ከሆነ ሐዋሳ። አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ለመመለስ ቢሾፍቱ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ቢያድር እንኳ በማግስቱ ቁርስ በልቶ ቤት መግባት ይቻላል።

ባቱ (ዝዋይ) ለትንንሽ ልጆች የማደሪያ ሳይሆን የማረፊያ ከተማ ብትሆን ይሻላል። ሐይቁ ዳር ወርዶ አባ ኮዳዎቹ ከአሳ አጥማጆቹ እግር ሥር ሲርመሰመሱ ማየት፣ አሳ መብላት፣ መቀጠል። ልጆቻችሁ አስር ዓመት ካለፋቸው ግን በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት መሄድን አስቡበት። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጎ ቆይቶበታል የሚባለው የደብረ ጽዮን ገዳም ያለው እዚያ ነው። ጉዞው ረዘም ስለሚል ትንሽ ልጅ ይሰለቻል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? መቼ መነሳት አለብን?

ርቀቱ ባቱ 160፣ ላንጋኖ 200፣ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው «ሐዋሳ እኮ አራት ሰዓት ነው» ሲላችሁ ልጅ ያልያዘ ሹፌር እየነገራችሁ መሆኑን እወቁ። ሽንት፣ ምሳ፣ ማስታወክና «ደረስን ወይ» ተጨምሮበት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይሄዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት መውጣት ሁለት ነገር ያተርፋል፤ ልጆቹ የመንገዱን እኩሌታ ተኝተው ይጨርሱታል፣ እናንተም ሙቀቱ ሳይበረታ ትደርሳላችሁ።

በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ገብታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ትይዛላችሁ። ክፍያው ስትወጡ ነው። መንገዱ ላይ እንደፈለጉ መቆም ስለማይቻል ልጆቹን ሽንት ቤት ማስገባት ከመግቢያው በፊት ነው። ስትመለሱ ግን አሮጌውን መንገድ በመቂና በቆቃ በኩል ብትይዙ ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቢያስረዝምባችሁም ፓፓያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በየዳሩ የሚሸጠው፣ ጋሪውና አንዳንዴም ግመሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከብቱ ወደ በረት ስለሚመለስ መንገዱ ይሞላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪ አለ። በጨለማ ልጅ ጭኖ መንዳት አይመከርም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ስንት ቀን ይበቃል?

ሁለት ሌሊት፣ አንድ ሐይቅ። በሦስት ቀን ባቱን፣ ላንጋኖን፣ ሻላን፣ ወንዶ ገነትንና ሐዋሳን «ለመሸፈን» የሚወጣ ቤተሰብ ልጆቹን መኪና አሳይቷቸው ይመለሳል። ልጅ አዲስ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፈው በመገረምና በመፍራት ነው። ውሃው አጠገብ ራሱ ጨዋታ ፈጥሮ የሚቦርቀው በሁለተኛው ቀን ነው። በአንድ ሌሊት የሚመለስ ሰው ልጁ ገና ሊጫወት ሲል ሻንጣ ይዘጋበታል።

አራት ሌሊት ካላችሁ ሁለቱን ላንጋኖ፣ ሁለቱን ሐዋሳ አድርጉት። ሦስተኛ ማደሪያ አትጨምሩ።

በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምቹ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ለሌሊቱ ሹራብ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት እረፍት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስለሚውል አብዛኛው ቤተሰብ የሚመርጠው እሱን ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃል፣ የበልግ ዝናብም ይመጣል። በክረምት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚጥለው ዝናብ ከአዲስ አበባው ስለሚያንስ ከሰዓት በፊት ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ለመጫወት ይመቻል፤ ችግሩ ከአስፋልት ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ጭቃ መሆኑ ነው።

በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ክፍል የሚገኘው ቀድሞ ለያዘ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ እሬቻ ስለሚከበር መንገዱ በሰው ይሞላል፤ በዓሉን ለማክበር ካልሆነ በስተቀር በዚያ ቅዳሜና እሑድ በዚያ በኩል ጉዞ አታቅዱ።

ወጪውን እንዴት እናስላው?

ከነዳጅ ጀምሩ። ሐዋሳ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ውስጥ ለመዞር 60 ጨምሩበት። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 61 ሊትር ይሆናል፣ 70 ብላችሁ ያዙት። ቀጥሎ ማደሪያና ምግብ። ሰው የሚረሳው ትንንሹን ነው፦ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ ሳያድሩ ለሚውሉ ሰዎች አንዳንድ ሪዞርቶች የሚያስከፍሉት የመግቢያ ክፍያ፣ የፓርክ መግቢያ በሰውም በመኪናም፣ የስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ክፍያ፣ ተጨማሪ ፍራሽ፣ መኪና ለሚጠብቅ ልጅ። እነዚህ ተደማምረው የአንድ ሌሊት ማደሪያ ያህል ሊሆኑ ይችላሉ።

ጀልባ ዋጋው ብዙ ጊዜ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፤ ከመሳፈር በፊት «ለሁላችንም ነው? ስንት ደቂቃ ነው? መመለሻውን ጨምሮ ነው?» ብላችሁ ቁረጡት። መኪና ከነሹፌሩ የምትከራዩ ከሆነ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚፈቀድ በመልእክት ይጻፍላችሁ። ቴሌብር በብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጀልባ ነጂውም ፓፓያ ሻጩም ጥሬ ብር ነው የሚፈልጉት።

ሆቴል ስንይዝ ምን ምን እንጠይቅ?

የኢንተርኔቱን ፎቶ ተዉትና ደውሉ። አልጋው አጎበር አለው? መስኮቱስ ወንፊት? ሙቅ ውሃ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት አለ? መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል? ስንት ዓመት ድረስ ያለ ልጅ ከወላጅ ጋር በነጻ ያድራል? የሕፃናት ገንዳ ለብቻው አለ ወይስ ያው ትልቁ ነው? ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ከመድረኩ ጎን ያለ ክፍል የደረሰው ሕፃን ግን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አይተኛም። «ከሙዚቃው ራቅ ያለ፣ ምድር ቤት» ብላችሁ ያዙ።

ልጃችን መኪና ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋልም። ምን እናድርግ?

ይህ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው። ዓይኑ ስልክ ላይ ተተክሎ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል ደግሞ «እየሄድን ነው» ሲል አእምሮው ይምታታበታል። ስለዚህ ስልክና መጽሐፍ ይቅር፣ ቀበቶው ታስሮ የፊቱን መንገድ በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፣ መስኮቱ ጥቂት ይከፈት። ባዶ ሆድም ወተት የጠገበ ሆድም ያባብሰዋል፤ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ደረቅ ዳቦ ወይም ዳቦ ቆሎ ይበቃዋል። በየሰዓት ተኩሉ አሥር ደቂቃ ከመኪና ይውረድ። ፌስታል ድርብ አድርጋችሁ ከነሶፍቱ በር ኪስ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ፌስታል ለማንም አይደርስም።

የማዞር መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ለሆነ ፋርማሲስቱ በክብደቱ ልክ ይንገራችሁ፤ የሚሰጠውም ከመነሳት ግማሽ ሰዓት በፊት ነው፣ ካስመለሰው በኋላ አይሠራም። ሌላው ደግሞ፣ ልጅ ታቅፎ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ድንገት ፍሬን ሲያዝ በእጅ ይዞ ማስቀረት አይቻልም። ልጅ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። የልጅ ወንበር ያላት የኪራይ መኪና ማግኘት ስለሚያስቸግር ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ልጆች ምን ይበላሉ?

አሳ ነዋ! ለትንሽ ልጅ ግን ሙሉው ጥብስ አሳ አይደለም፤ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ቀጭን አጥንት አለው። ጉላሽ ወይም ኮተሌት እዘዙ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በጣታችሁ ፍርፍር አድርጋችሁ ዳብሱት። አጥንት ጉሮሮው ላይ ከቀረ እንጀራ ጠቅልሎ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው፤ አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ስለሚችል ተዉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጥሬ የአሳ ክትፎና ያልበሰለ ዱለት ለልጅ አይሰጥም።

አሳ ለማይወድ ልጅ ፓስታ፣ ሩዝና እንቁላል በየቦታው አለ። ምሳ ስታዝዙ ሰዓቱን አስቡ፤ ብዙ ሆቴል ውስጥ ምግብ እስኪመጣ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ሳይርበው በፊት እዘዙ፣ ቆሎና ሙዝም አይለያችሁ። ውሃው የታሸገ ይሁን፣ ክዳኑ ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱን ስሙ።

ልጆች ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ?

ይህ እንደየሐይቁ ይለያያል። ባቱና ሐዋሳ ላይ አይሆንም። ውሃቸው ጨዋማ ስላልሆነ የቢልሃርዚያ ትል የሚያሳድረው ቀንድ አውጣ ይኖርበታል፤ ትሉ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ እስከ ጉልበት መግባት እንኳ ይበቃዋል። ሁለቱም ጋ ጉማሬ አለ። ልጁ ሳታውቁ ገብቶ ከተገኘ አውጥታችሁ ወዲያው በፎጣ አድርቁት፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ሰገራው ይመርመር። ቶሎ መመርመር ጥቅም የለውም፣ ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ቆይቶ ነው።

ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመባል የሚታወቅና ቤተሰብ ሁሉ የሚዋኝበት ነው። ሌላ አደጋ ግን አለው፤ ውሃው ቡናማ ነው። ክንዳችሁን እስከ ክርን ስታስገቡ መዳፋችሁ አይታይም። ልጅ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ቢሰጥም ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም። ስለዚህ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ልብስ ይልበስ፣ ሰማያዊና ቡናማ አይሁን። ከስድስት ዓመት በታች ያለው ልጅ እጃችሁ ከሚደርስበት አይራቅ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነስቶ ማዕበል ስለሚመጣ የዋና ሰዓት ጠዋት ነው። ውሃው ዓይን ሊቆጠቁጥ ስለሚችል ሲወጡ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ጥሩ ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ዳራቸው ቶሎ ገደል ይሆናል፣ ሁለት እርምጃ ገብቶ መሬት ማጣት አለ። እዚያ ገንዳ ይሻላል። ገንዳም ቢሆን ጠባቂ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ሰጣሚ ልጅ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሰምጠው። አዋቂዎቹ በሃያ ሃያ ደቂቃ ተራ ግቡ፣ ተረኛው ስልኩን ለሌላው አስረክቦ ይቀመጥ። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም አላየም ማለት ነው።

ጀልባ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ ወፉም ይበዛል። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የአምስት ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ዘለበቶቹን ሁሉ ዘግታችሁ በትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ጎትቱት፤ አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፊ ነው። በልኩ ከሌለ አትሳፈሩ፤ ዳር ሆኖ ማየትም ይቻላል።

ጀልባ ነጂው «ጉማሬውን ቀረብ ብለን እንየው» ካለ እምቢ በሉ። ጉማሬ ግልገል ይዞ ከሆነ ጀልባ ይገለብጣል። ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣም ልጆች ከጨለማ በኋላ ሐይቅ ዳር መሮጥ የለባቸውም።

አብያታ–ሻላ ፓርክና ፍል ውሃው ለልጆች ይሆናል?

የግማሽ ቀን ጉዞ አድርጋችሁ ካያችሁት ይሆናል። መግቢያው ከላንጋኖ ፊት ለፊት፣ ዋናው አስፋልት ላይ ነው። ከዋናው በር ብዙ ሳይራቅ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ይታያል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ይህ ብቻ በቂ ነው። አብያታ ውሃው በብዙ ሸሽቷል፤ ፍላሚንጎ የሚታይበት ዳር ላዩ ደረቅ የሚመስል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ የሆነ መሬት ነው። መኪና እዚያ ይሰጥማል፣ የልጅ እግርም እንዲሁ። ስካውቱ ያቆማችሁ ቦታ ላይ ቁሙ።

ሻላ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውሃ በቆሎ የሚቀቀልበት ነው። ልጅ ቁልቁል ሮጦ ቢገባ የሚደርስበትን አስቡት፤ እጁን ይዛችሁ አሳዩት እንጂ አትልቀቁት። ገብቶ ለመታጠብ ከሻሸመኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ገባ ያለው ወንዶ ገነት ይሻላል፣ ለትንሽ ልጅ ግን በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ ሙቅ ውሃ ልጅን ቶሎ ያደክመዋል።

ጦጣና ዝንጀሮ ምግብ ሲነጥቁስ?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አሳው ሲወጣ የአባ ኮዳው ትርኢት አይጠገብም። ጦጣውም፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ጉሬዛም እዚያው ነው። ጦጣ የሚነጥቀው ልጁን ሳይሆን ሙዙን ነው፤ ስለዚህ በልጅ እጅ ምግብ አይኑር፣ ፌስታልም አይኑር፤ ፌስታል ሲያንኮሻኩሽ ይሰማሉ። ከነጠቀ ይውሰደው፤ ልጁ እንዳይጓተት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቢቧጭረው ወይም ቢነክሰው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡት፣ አትሸፍኑት፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሄዳችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ጎዳና ላይ ባለ ውሻም እንዲሁ ነው። «ቤት ስንገባ እናያለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ስልካቸው ላይ ብቻ ነው የሚያፈጡት። ትዝ የሚላቸው ነገር ምን ይሆናል?

ልጅ ሪዞርቱን ሳይሆን የሠራውን ያስታውሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሥራ ስጡት። አንዱ የጉዞው ገንዘብ ያዥ ይሁን፤ መቂ ላይ ፓፓያውን እሱ ይምረጥ፣ እሱ ይከራከር፣ እሱ ይክፈል። ሌላው ቆጣሪ ይሁን፤ በደብተር ጋሪ፣ ግመል፣ አህያ፣ አባ ኮዳ፣ ይብራ፣ ንስር እያለ መሥመር ያስምር። ከሰው ጋር የሚግባቡበት ቃልም ይያዙ፤ ባቱ ላይ ፓፓያ ለሰጠችው ሴት «ገለቶማ» (በኦሮምኛ «አመሰግናለሁ») ያለ የስድስት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ፓፓያ ተመርቆለት ይመለሳል።

ስልክን ከመከልከል ሰዓት መወሰን ይሠራል፤ ለምሳሌ ምግብ ሲጠበቅና ማታ ከእራት በኋላ ብቻ። ይህ እናንተንም ይጨምራል። ፎቶ የሚያነሳው ከልጆቹ አንዱ ይሁን፤ እናቶች የሌሉበት የቤተሰብ አልበም የሚበዛው ሁልጊዜ እነሱ ስለሚያነሱ ነው።

ሕፃን፣ ጎረምሳና አያት አብረው ሲሄዱ ማንን እናስደስት?

ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማስደሰት አይቻልም፤ ቀኑን ክፈሉት። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ፣ ከምሳ እስከ 10 ሰዓት ለየብቻ፣ ማታ እንደገና አንድ ላይ። ከምሳ በኋላ ሕፃኑና አያት ይተኛሉ፤ ጎረምሳው ከአንድ ወላጅ ጋር ታቦር ተራራ ይወጣል ወይም በሐዋሳ ሜዳማ ጎዳና ብስክሌት ይነዳል። አያትን «ልጁን ያዙልን» እያላችሁ ሦስቱንም ቀን ሞግዚት አታድርጓቸው፤ እሳቸውም ለእረፍት ነው የመጡት። ደም ግፊት ወይም ስኳር ካላቸው መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ከሁለት ቀን ትርፍ ጋር ይያዝ፣ ፍል ውሃም ሐኪማቸው ካልፈቀደ ይቅርባቸው።

ወባስ? ለሁለት ሌሊት እንዲህ መጨነቅ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ወባ የማይተላለፍበት ከፍታ ላይ ስለሆነች ልጆቻችሁ ምንም የመቋቋም አቅም የላቸውም፤ አንድ ንክሻ ይበቃል። ከባቱ እስከ ሐዋሳ ያለው ቆላና ወይና ደጋ ወባማ ነው፤ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቀጥሎም ከበልግ ዝናብ በኋላ።

ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ሱሪና ካልሲ ይልበሱ። የትንኝ መከላከያ ቅባት ከሁለት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ይቀባል፣ ከእጁና ከዓይኑ አካባቢ በስተቀር፤ አዋቂ በእጁ አድርጎ ይቀባለት እንጂ ፊቱ ላይ አይነፋ። የፀሐይ ቅባትም ካለ መጀመሪያ እሱ፣ የትንኙ በላዩ። አጎበር የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። የሆቴሉን ስትጠቀሙ በስልክ መብራት ቀዳዳ ፈልጉ፣ የተገኘውን በፀጉር ማሰሪያ ቋጥሩት፣ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወትፉት። በተለምዶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አጎበሩ ተዘርግቶ ያድራል፣ ልጁ ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቁምጣ ለብሶ ሣር ላይ ሲሮጥ ያመሻል።

ልጆቻችን የተወለዱት ውጭ አገር ነው። የሚለይ ነገር አለ?

አለ። ከመምጣታችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ «ስምጥ ሸለቆ እናድራለን» በሉ፤ «ኢትዮጵያ እንሄዳለን» ብቻ ካላችሁ አዲስ አበባን አስቦ የወባ መከላከያ ኪኒን ላያዝላችሁ ይችላል። ወላጆችም ብትሆኑ «እኔ እዚያ ነው ያደግኩት» አትበሉ፤ የነበራችሁ የመቋቋም አቅም በዓመታት ይጠፋል።

ፓርኮች ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የሚያስከፍሉት ይለያያል፣ አንዳንድ ሆቴሎችም እንዲሁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ስትደውሉ ጥቀሱት። ለልጆቹ ደግሞ ከዘመድ ጥየቃው ማግስት ሳይሆን አንድ ቀን አርፈው ቢወጡ ይሻላል፤ ሰዓቱም ገና አልተስተካከለላቸውም፣ ጉርሻውም አድክሟቸዋል።

ተቅማጥ ቢይዘውስ?

ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨዉን ያበዛዋል፣ ልጁን ይጎዳዋል። ለእያንዳንዱ ተቅማጥ ከሁለት ዓመት በታች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከ100 እስከ 200፤ በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ፓኬት ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክክ ያለ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ። ጡት የሚጠባ ይጥባ፣ የሚበላ ይብላ።

ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም የሰጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ ጉዞው እዚያው ላይ ቆሞ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ አተኮሰው። ከጉዞው ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ወባ ከንክሻው በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ እዚያው ሳሉ በሁለተኛው ቀን የመጣ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፣ ከሳምንት በኋላ የመጣው ግን ወባ አይደለም እስኪባል ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ሂዱ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በልጅ ላይ ሁልጊዜ ብርድ ብርድ እያለው አይጀምርም፤ ማስታወክ፣ ሆድ ቁርጠት ወይም ምግብ እንቢ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ትኩሳቱን ለማብረድ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ ያልበለጠ ይሰጣል፤ ሽሮፑ ጠርሙስ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው አንብቡ፣ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያልና። አስፕሪን አይሰጥም። ትኩሳቱ በሽሮፕ ቢበርድም ምርመራው በዚያው ዕለት ይሠራ። ቤት የቀረ የወባ መድኃኒት አስቀድማችሁ አትስጡ። አዲስ አበባ ያለ ክሊኒክ ልጁን «ጉንፋን ነው» ብሎ ሊመልሰው የሚችለው የት እንደነበረ ስላላወቀ ነው፤ ካርድ ሲወጣ ጀምሮ «ላንጋኖ አድረን ነበር፣ የተመለስነው በዚህ ቀን ነው፣ የደም ምርመራ ይደረግለት» በሉ። የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም።